ጨርቅ የጎረሰው ደወል

ሦስት ወር ሙሉ ዋሸን፣ የመሪ ክፍሉ ደወል፤
ጭስ ሳይኖር «እሳት!» እያለ፣ ደረቁን ወለል «ጎርፍ!» ሲል።
ሌሊት በባንዳ ባሕር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ፣
ስንቱን በባዶ እግር አስሮጠ፣ ስንቱን አጣላ።
አንድ ቀን ሳጅን ሩምቤዋስ፣ ባንኖ ተቆጥቶ፣
የዘይት ጨርቅ አጎረሰው፣ ከሱሪ ኪሱ አውጥቶ።
«ውሸታም በልቶ ይተኛ» አለ።
እኛም ተኛን።

ምድር ተናወጠች ከዚያ። ሩዝና ድንኳን አዝለን፣
ወደብ ወደሌለው ዳርቻ፣ በመርከቧ ደረት አሸዋ ልንነካ ብለን፣
ሦስት መቶ ሜትር ሲቀር፣
ዳር የቆመው ሰው ሲቆጠር፣
መሪው ባዶውን ዞረ፣ በሩምቤዋስ መዳፍ ውስጥ፤
መርከቧ ወደ ግራ፣ ወደ ኮራሉ ዓለት ስትሮጥ።
ቀዩ አምፑል ይርገበገባል፤ ደወሉ ግን ጨርቁን አላምጦ፣
እንደ ታማኝ ሎሌ ዝም፣ የታዘዘውን ውጦ።
አምፑሉን ያየው ወጥ ሠሪው፣ ሻይ ያመጣው ሃስናዊ ነው፤
«ይሄስ ምን ማለት ነው?» አለ፤ መልስ ማንም አልሰጠው።

ከታች፣ ከጅራቷ ክፍል፣ ሁለት ልጆች ተንበርክከው፣
ብረቱን በእጅ ፓምፕ ገፉት፣ በስልክ ድምፅ ተመርተው፤
«ሁለት ዲግሪ ወደ ቀኝ... ጨምሩ... አሁን ያዙት!»
ባሕሩን አላዩት፤ ዳርቻውንም አላዩት፤
በሩምቤዋስ ጉሮሮ ነው፣ ዓለቱን ያለፉት።

ሩዙ ወርዶ ሲያልቅ፣ ሳጅኑ ማንም ሳያዘው፣
ጨርቁን ከአፉ አወጣለት፤ በእጅጌው አበሰው።
ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፦
«እሳት!»
እሳት የለም።
በባዶ እግር ተነስተን ሮጥን፤
አንድም ሰው አልተሳደበም።