አንገቱ ላይ ነው

ከጦሳ ጉም ወርዶ ወረቀቴን ሲልስ፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ ወንበሬን ሳደርስ፣
እትዬ መዲና ቆማ ትጠብቃለች፤
የጨርቃ ጨርቅ ዘመኗን፣ ሃያ ስምንት ዓመት፣ በፌስታል ይዛለች።

"ጻፍልኝ" አለችኝ፣ "ጡረታዬን ብቻ።
ፋይልሽ የለም አሉኝ፤ ኮምቦልቻ ስል ደሴ፣ ደሴ ስል ኮምቦልቻ፣
ሐረጎን ስወጣ፣ ሐረጎን ስወርድ፣
ጉልበቴ አለቀ ከፋይሌ በፊት፣ እዚያው መንገድ ለመንገድ።"

ብዕሬን አወጣሁ።
ያባቴ ነበረ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ክዳኑ የተፋቀ፣
በዚሁ አጥር ስር ስንቱን ጠበቃ ያስናቀ።
"ለ" ብዬ ጀመርኩኝ፦
አንድ እግሯ ተጻፈ፤ ሁለተኛው ደረቀ።
ባንድ እግሯ የቆመች "ለ"፣
ወደየትኛው ቢሮ ልትራመድ?

መጀመሪያ ምላሱን ጠረጠርኩት።
በጥፍሬ ዳሰስኩት፣ በትንፋሼ አሞቅኩት፣
ስንጥቁን በምላጭ ጠርዝ ጠረግኩት።
ቀጥሎ ወረቀቱን፦ ጉም ጠጥቷል፣ ቀለም አይቀበልም።
ሌላ አወጣሁ። ያው ነው።
ከዚያ ቀለሙን፦ ፒያሳ ነው የገዛሁት፣
ይማም ውሃ ሳይቀላቅልበት አይቀርም!
(በሆዴ ሰደብኩት። ግፍ ነበረ።)
ከዚያም ብርዱን፤
የደሴን ብርድ ያልወነጀለ ማን አለ?

ከሻይ ቤቷ ለብ ያለ ውሃ ለምኜ አጠብኩት፤
ሰማያዊ ክር እየመዘዘ ወረደ፣ ጠራ።
መሳቢያውን መለስኩ፤
ፒስተኗ ወረደች፣ ወጣች፣
ጠርሙሱ ውስጥ ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ፣
እንደ ሳለኛ ሰው ጎረሮ፤
ሳበ፣ ሳበ፣ ሳበ፣
ግማሽ ጠብታ።

ከኋላዬ ሁለት ባለጉዳይ ተሰልፏል፤
አንዱ ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል።
ላቤ መጣ፣ በዚያ ብርድ።

"እስቲ ስጠኝ" አለች።
መሳቢያውን ነቅላ ወደ ሰማይ አነሳችው፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ አዞረችው፣
በትንሿ ጣቷ አፉን ዳሰሰችው።
"ጎሚኒው ደህና ነው። ምላሱም ደህና ነው።
አንገቱ ላይ ነው።
ላልቷል፤ ቀለም መስሎህ ነው እንጂ አየር ነው የሚጠጣው።
እኛም ቤት ክር ሲበጠስ
ፎርማኑ ክሩን ይሰድብ ነበር።
ክሩ ምን አደረገ?"

ከሻሿ ጠርዝ አንድ ክር መዘዘች፣
ከሊስትሮው ከከድር ቆርቆሮ ሰም አስነካችው፣
ሦስቴ ጠመጠመች፣
ባራተኛው ቋጠረች፣ በጥርሷ በጠሰችው።
ቋጠሮው ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳል።
እነዚህ ናቸው እንግዲህ
ፋይል የላቸውም የተባሉት ጣቶች።

ገጠምኩት። ጠርሙሱ ውስጥ ነከርኩት።
ቡልቅታ የለም፤ ሳል የለም።
ባንድ ትንፋሽ ብቻ
ቀለሙ እስከ አንገቱ ወጣ።

"ለ" — ሁለት እግሯ ቆመ።
ግን ደብዝዛለች፣
የእጥበቱ ውሃ ከውስጥ ሳይወጣ ቀርቶ።
የመሥሪያ ቤቱ ስም ገረጣ፤
"ጉዳዩ" ግራጫ፤
ስሟ ከ"መ" ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ቀለም እየያዘ፣
"ሃያ ስምንት ዓመት" ላይ ስደርስ
ከሰል ሆነ።

"ልድገመው? ላዩ አያምርም።"
"ተወው" አለች፣ "ሚኒባሱ ሊሞላ ነው፤
ላዩን ማንም አያነብም፤ እታች ይድረሱ።"

ሂሳብ ላይ ተያየን፤
ማን ለማን እንደሚከፍል አልለየንም።
ፌስታሏን አጥፋ ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ሄደች።

ፋይሏ ተገኘ? እንጃ።
ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤
ይህ ጥሩ ወሬ ይሁን መጥፎ፣
አጥሩ ስር ተቀምጦ የሚታወቅ አይደለም።

ለይማም ግን፣ ሌላ ጠርሙስ ልገዛ ሄጄ፣
ሳልነግረው ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሳልከራከር ከፈልኩ።

ክሩ አሁንም አንገቱ ላይ አለ፤
ብዕሩን ስፈታ አየዋለሁ።
ነጭ ነበረ።