አሥር እርምጃ

ሙርጋብን ከኋላ፣ ንፋሱን ከፊት አርገን፣
በጥቅምት ውርጭ ላይ ድንጋይ ተንተርሰን፣
ሦስት ሰዓት ተኛን፣ ከእንግዳዬ ጋራ፤
ዴልማር ይባላል፤ ጨዋ ነው፣ አይኮራ።
የፈረሴን ኮርቻ እርሱ ነው የፈታ፣
ለልጄም ደብተርና እርሳስ ሰጥቷት ማታ።
ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤
ጨዋ ሰው ሲሳሳት ነው የሚከብደው መናገር።

ከሸለቆው ማዶ፣ በረዶ ሲያበራ፣
ቆሟል አንድ አርካር፣ የዱር በጎች አውራ።
በዓይኔ ሳየው ነጥብ ነው፣ ጠጠር ከጠጠር መሀል፤
ቀንዱን የሚያውቅ ብቻ ቀንዱን ይለየዋል።
ዴልማር ርቀቱን በመሣሪያው ለካ፤
«አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሜትር!» ሲል ፈካ።
ንፋሱን፣ አውራ ጣት በምታክል መዘውር፣
ቅዝቃዜ፣ ከፍታ፣ የምድርን መዞር፣
ሁሉን ለስልኩ ነገረው፤ ስልኩም መለሰለት፣
ጥይቷ ምን ያህል ዝቅ እንደምትልበት።
ስሌቱን አላማሁም፤ ስሌቱ ትክክል ነው።
የጎደለው ነገር ቢኖር፣ በጉ አለመጠየቁ ነው።

አባቴ ማምቤት፣ ያንድ ጥይት አዳኝ፣
በሆዱ እየተሳበ ነው ማደን ያስተማረኝ።
«እስትንፋሱ» ይል ነበር «በብርዱ ሲጨስ ካላየህ፣
ጣትህን ከቃታው አንሳ፤ ገና ነህ፣ ገና ነህ።»
ይህንኑ ነገርኩት። ቀስ ብሎ ሲመልስልኝ ቃል፣
«ኦሮዝባይ፣ እስትንፋሱማ ይኸው፣ ጥርት ብሎ ይታያል»
አለ፣ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳይነቅል።
ሰጠኝ። እኔም አየሁ። እውነቱን ነው፣ ይጨሳል፤
ጢሙ ላይ አመዳይ አለ፣ ሣር ያኝካል።
የአባቴ ቃል እጄ ላይ እንደ ገል ተሰበረ፤
መልስ አጣሁ።
ዝም አልኩ።
ዝምታዬም «ተኩስ» ማለት ነበረ።

ጥይት ከአፈሙዝ ወጥታ እዚያ ማዶ እስክትደርስ፣
ሁለት ሰከንድ አይሞላም፣ አንድ ትንፋሽ ለመመለስ።
በዚያች መሀል ምን ይሆናል? ምንም አይሆን ይሆናል፤
ወይም አንድ በግ ሣር አይቶ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል።
አደረገ።

ድምፁ ዘግይቶ ደረሰ፤ በጉም ዘግይቶ ዘለለ፤
«መታሁት!» አለ ዴልማር።
አዎ፣ መታ። ግን አልገደለ።

ጥይቷ በሁለት ሰከንድ ያለፈችውን ገደል፣
እኛ አራት ሰዓት ፈጀን፣ ስንወርድ፣ ስንንጠለጠል።
ደሙን ያገኘሁት መሽቶ ነው፣ በባትሪ ብርሃን፤
ሦስት ጠብታ፣ አንድ ጥርስ። ምን እንደሆነ ገባን።
ዴልማር ዓይኑን ጠረገ፤ «ንፋሱ ነው» አለ።
እኔም «ንፋሱ ነው» አልኩ፤ ንፋስ ግን የታል? የለ።

አባቴም ስቶ ያውቃል፤ አልዋሽም ለሙት ክብር፤
አንዲት እናት በግ አቁስሎ ሳምንት እንቅልፍ አልነበር።
ስታቃስት ግን ሰማት፣ በገዛ ጆሮው ሰማት፤
ቅርብ ነበረና፣ ሮጦ ነው ያሳረፋት።

በሦስተኛው ቀን ጧት፣ ዴልማር ከድንኳን ታሞ፣
ብቻዬን ደረስኩበት፣ ከበረዶ ወንዝ ዳር ቆሞ።
የታችኛው መንጋጋው የለም። ሣሩ እግሩ ሥር አለ።
አሥር እርምጃ ሲቀረኝ፣ በጉ ቀና አለ።
አየኝ።
መሸሽ አልቻለም፤ ግን አየኝ፣ ለየኝ።

ያን ጊዜ ነው መልሱ የመጣልኝ፣ ዘግይቶ፣
እንደዚያ ተኩስ ድምፅ፣ ከነገሩ ኋላ ቀርቶ፦
ቅርበት ማለት አንተ ብቻ እርሱን ማየትህ አይደለም፤
እርሱ አንተን ማየት ካልቻለ፣ ቀርበሃል አይባልም።
ማሽተት፣ መስማት፣ መሮጥ፣ አንተን መቅደም ካልቻለ፣
ሌላ ስም ይፈለግለት እንጂ፣ አደን ነው ማን አለ?

ቢላዬን መዘዝኩ።
የቀረውን አልናገርም።

ክፍያው ሙሉ ነበር፤ ተቀበልኩ፤ አልክድም፤
የልጄ ትምህርት ቤት ጣራ ዘንድሮ አያፈስም።
ዴልማር ፎቶ ላከልኝ፤ ቀንዱ ግድግዳው ላይ ነው፤
ከሥሩ የናስ ሰሌዳ አለ፣ ቁጥር የተጻፈው፦
አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ። ትክክል ነው፤ እኔም ነበርኩ።
አሥሯን እርምጃ ግን የትም አላነበብኩ።