ታዛቢ

ሄልሲንኪ፣ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ፣
ሁለት ክፍል ነበር፣ ከመንገድ የማይታይ።
«ኤምባሲ አይደለም፣ ቢሮ ነው» ሲል ሕጉ፣
ሰንደቁን አቆመው ከመጋረጃው ጥጉ።

አባቴ ሩሽዲ፣ የልዳው ተወላጅ፣
በሰባት ዓመቱ የሐምሌ ስደት ልጅ፤
እናቱ የስፌት መኪናዋን መንገድ ዳር
ጥላ፣ ታናሹን አዘለች። ይህን ሲናገር
ብቻ ነበር ድምፁ የሚሰበር።

ጄኔቭ ላይ ወንበሩ ከኋለኛው ረድፍ፣
ከፊቱ «ታዛቢ» የሚል ነጭ ጽሑፍ።
ሲናገር ድምፅ አለው፤ ድምፅ የለው ሲቆጠር፤
እጅ አውጡ ሲባል፣ እርሱ እርሳስ ይቀርጽ ነበር።

ስንቱ በኮሪደር ትከሻውን ነካ፣
«ልቤ ካንተ ጋር ነው» አለው በሹክሹክታ፤
አዳራሽ ሲገቡ፣ ልብ ውጭ ቀረ ለካ።

ከቀብሩ ማግስት መሳቢያውን ስከፍት፣
ከአውራ ጣት የሚያንስ የእርሳስ ጉማጅ ሞላበት፤
በእያንዳንዱ ወገብ በቢላ የተጻፈ
ቀን አለ፦ ድምፅ የተሰጠበት፣ እርሱን ያለፈ።

ቆጠርኩ፤ መቶ አርባ ላይ ደከመኝ፤ ተውኳቸው።
ታዛቢ አሉት እንጂ፣
እርሱማ፣ ዝም ብሎ፣
ታዘባቸው።