ባዶና ዝግ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት። ከዚራ አልበረደም።
ቬንትሌተሩ ያማስላል እንጂ አያቀዘቅዝም።
በሽርጥ ተቀምጬ የረምላን ኮድ ሳነብ
ላቤ ጠብ ይላል ከፊደሏ አጠገብ፤
አርባ ሦስት መስመር የተጨመረ፣
አስራ አንድ መስመር የተሻረ፣
አረንጓዴና ቀይ ጎን ለጎን ተኝቶ፣
የሚኖረው ገብቶ፣ የሚሞተው ወጥቶ።

የጠየቀችው ትንሽ ነው፦
ጫኙ በሚጭንበት ሰዓት
«ኔትወርክ አልፈልግም» የሚል ሰው ቢመጣ
«እሺ» የሚባልበት አንድ ቁልፍ።
(ጫኝ ስል የጣቢያውን ጫኝ አይደለም፤
ይሄኛው ጆንያ አያነሳም፣ አይሳደብም፣
ባዶ ማሽን ላይ ሥርዓት የሚጭን ፕሮግራም ነው።)

ማን ነው ኔትወርክ የማይፈልገው? አልኳት፤
ሰው ከውሃ በፊት ኔትወርክ በሚጠይቅበት ዘመን?

ከሽንሌ ወዲያ፣ አለችኝ፣ አንዲት ጤና ኬላ አለች።
ማማ የለ፣ ገመድ የለ፣ አሸዋና ግራር ብቻ።
ነርሷ ኢፍራህ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍተው
ዝም ይላል፣
ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣
አድራሻ የሚሰጠውን ይጣራል፣
«ማን ነኝ? ቁጥሬ ስንት ነው?»
መልስ የለም።
ደግሞ ይጣራል።
ክትባት የመጣ ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ያለቅሳል።

እዚህ ላይ እጄን ከቁልፉ አነሳሁ።

አባቴ፣ ሙሴ ጓንጉል፣ ሐዲድ ቀያሪው፣
ባቡሩ ከቆመም ስምንት ዓመት ሙሉ
ኮፍያውን ደፍቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሉ፣
ይወርዳል ጣቢያ፣ ይቆማል ከመዘውሩ፣
ፍየል ተኝቶበት ሐዲድ ከነጠጠሩ፤
ጫኝና አውራጁ ታይዋን ገብቶ ሲነግድ
እሱ ያዳምጣል ድምፅ ከሩቅ መንገድ።
ጡረታው ወጥቶለት፣ ደመወዙ ቀርቶ፣
«መስመሩ ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ግን፣ በማኅተም ተመትቶ፣
ማንም አልሰጠውም።
ባዶው ሐዲድ ለአባቴ የዘገየ ባቡር ነበር።

ስለዚህ መስመር ሃያ ስድስት ላይ ጻፍኩ፦

ረምላ፣ ሰውየው «አልፈልግም» ሲል
ፋይሉን ባዶ ትተሽዋል።
ባዶ ግን ዝግ አይደለም።
ባዶ ያየ ማሽን ይገምታል፤
«ረስተውት ነው» ይላል፣
ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ እየዞረ ያንኳኳል።
ደቻቱን አስቢ።
የደረቀ ወንዝ የተዘጋ ወንዝ አይደለም፤
ድሬ ይህን የተማረችው በሌሊት ነው።
«ዝግ» ብለሽ ጻፊ፣ በግልጽ፣ በአንድ ቃል።
ደግሞ ፈተና ጨምሪ፦ ጠፍቶ ሲነሳ ቃሉን ያስታውሳል ወይ?
ነገ ማማ ቢተከልስ፣
ኢፍራህ ማንንም ሳትለምን ቃሉን ታነሳዋለች ወይ?

ከሐረር መልሷ መጣ፦
«የጀጎልን ልጅ በር መዝጋት ልታስተምር?»
ከዚያ ዝምታ።
ከዚያ አንድ ቀይ መስመር፣ አንድ አረንጓዴ፣
በአረንጓዴው መጨረሻ ላይ
ዝግ።
ፈተናዎቹም ሦስት ሆነው ተሰልፈዋል።

«አጽድቅ» የሚለውን ልጫን ስል
መብራት ሄደ።
ሰፈሩ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ፤
ማማውም ተከትሎት ሄደ።
በላፕቶፑ ባትሪ የቀረችው ትንሽ ክብ
ትዞራለች፣
ትዞራለች፣
ሁለት ደቂቃ፣ አስር፣
እኔ ቁጭ ብዬ አያታለሁ፣
እጄን ራሴ ላይ ሳደርግ ኮፍያ የፈለግሁ መሰለኝ።

ሊነጋጋ ሲል መጣ።
አስተያየት መጻፊያው ላይ ስለ አባቴ አንድ ነገር ጀመርኩ፣
አነበብኩት፣
ሰረዝኩት፤ ሥራው ውስጥ ምን ሊያደርግ።
እንዲህ ብዬ አጸደቅሁ፦
«ጥሩ ነው። ይግባ።
መስመር አርባ ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል።»