ከአምስት ስንት?

ብሩክስ፣ አልበርታ፤ የጥር ወር ማለዳ።
ነፋሱ በረዶ ጠራርጎ ከሜዳ
ከክሊኒኩ ደጃፍ ይቆልላል እንደ ዕዳ።
ጋሽ ድንበሩ ገባ፣ ጓንቱን አወለቀ፣
ክንዱን ዘረጋና ቁጥሩን ጠበቀ።
መቶ ሰማንያ አራት።

«ክኒኑን ይወስዳል?» አለ ዶክተር ሃልቮርሰን፣
ለእኔ ነው፣ ለስክሪኑ፣ አልለየሁም ማንን።
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ምላስ ነው እንጀራዬ፤
ያልተባለ ቃል መጨመር አይደለም ሥራዬ።
«ይወስዳል ወይ?» ስለው «እንዴታ!» አለኝ፤
ከጃኬቱ ኪስ ግን አንድ ብልቃጥ፣
ማኅተሙ እንዳለ፣ አጮልቆ ታየኝ።

«እንግዲያው መጠኑ ይጨመር» ብሎ ፈረደ፤
ማተሚያው አቃስቶ ወረቀት ወለደ፤
ጋሽ ድንበሩም ቆሞ እጅ ነሥቶ ሄደ።

መውጫው ላይ ታብሌት አለ፣ ፊት የተሳለበት፣
ከሚያለቅስ ቀይ እስከ ሚስቅ አረንጓዴ፣ አምስት።
«ዛሬ በተሰጠዎት አገልግሎት ረኩ?»
ገና ሳልጨርሰው ጣቶቹ አምስትን ነኩ።
«ምስኪን» አለኝ ወጥተን፣ «እሱም አለቃ አለበት፤
ባጎድልበት ነገ ማን ያውቃል ቢወቅሱት!»

በወሩ መጨረሻ ማስታወቂያ ወጣ፦
«ከመቶ ዘጠና አራቱ ረክቶ ነው የወጣ።»
የጋሽ ድንበሩ ግፊት እሱም አብሮ ወጣ።

መጋቢት ላይ ሐኪሙ ዕረፍት ሄዶ ነበር።
ማሪቴስ የምትባል አጭር ነርስ
ወንበር ጎትታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣
ለኮምፒዩተሩ ጀርባዋን ሰጠች።
«ይወስዳሉ?» አላለችም።
«የቱ ጋ ነው የከበደዎት?» አለች።

ዝም አለ።
ዝምታን የምተረጉምበት ቃል የለኝም፤ አብሬ ዝም አልኩ።
ማሞቂያው ጠቅ ጠቅ ይላል።
በመጨረሻ፦

«የከብት እግር ተሰቅሎ በሰንሰለት ይመጣል፣
ቢላዬን አይጠብቅም፣ ካልቆረጥኩት ያልፋል።
የናንተ ክኒን ደግሞ ሽንት ያስሮጣል።
እጅ ስታወጣ ‹ተተኪ ጠብቅ› ይባላል።
አንድ ቀን ተተኪው ቀረ።
ቱታዬ ነጭ ነው። ነጭ ነገር አይደብቅም።
በስልሳ አንድ ዓመቴ።»

ደንቡ «እኔ» እያልኩ እንድተረጉም ነው፤ «እሱ» አይባልም።
የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ።
«በስልሳ አንድ ዓመቴ» አልኩ በእንግሊዝኛ፤
ፊቴ ጋለ፣
ያ ነጭ ቱታ እኔ ገላ ላይ ረጠበ።

ማሪቴስ «አይዞዎት» አላለችም።
«ባሌም እዚያው ነው» አለች፣ «ቆዳ ገፈፋ ክፍል።»
ተረኛውን ሐኪም በስልክ ጠርታ ክኒኑን አስለወጠች።
ከዚያ ስለ ጨው ጠየቀችው፣ ስለ ጨው ተቆጣችው፣
ቢላ እንደያዘ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን
ሳትለሳልስ ነገረችው።
አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲወጣ እጅ አልነሣም።

ታብሌቱ ፊት ቆመ። መነጽሩን አደረገ።
ፊቶቹን አንድ በአንድ አየና
ሦስትን ተጫነ።
«ሦስት?» አልኩት።
«አንድ ሰዓት ተኩል አስጠበቁኝ።
ደግሞስ እንደ ልጅ ተቆጣችኝ፤ ሦስት ያንሳታል?
ሰው የሚያኮርፈው የራሱ ሰው ላይ ነው።»

መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ፣ በረዶው እየቀለጠ፣
መለስ አለና፦ «ከራት በፊት ነው ያለችው፣ ከራት በኋላ?»
በሁለት ዓመት ውስጥ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ።

በግንቦት ተመልሶ መጣ።
ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ ምስጢር ልጠብቅ ፈርሜያለሁ፤
ድንበሩም ስሙ አይደለም።
ጃኬቱን መስቀያው ላይ ሲሰቅል ግን
ሦስት አራት ፍሬ የቀረው ብልቃጥ
ከኪሱ ውስጥ ተንሿሿ፤
ማሪቴስም ሰማች መሰለኝ፣ ሳትዞር ፈገግ አለች።