ልስን

ቁጥር ሰባት አይጥን ዛሬ ጠዋት ከፈትኳት፣
ጨጓራዋን ዘርግቼ በስፒል ወጠርኩት።
በማጉያ መነጽር ቀይ ነጥብ ቆጠርኩ፤
«ሦስት» ብዬ ጻፍኩና ዐይኔን ተጠራጠርኩ።
ያቺ የትናንቷን፣ ያቺን ቁጥር አራት፣
አሥራ ዘጠኝ ቦታ ተልጣ ነው ያገኘኋት።

ለሁለቱም እኩል ኢንዶሜታሲን ሰጥተናል፤
ለሰባቷ ግን ተልባ አስቀድመናል፣
ከቅዳሜ ገበያ በጣሳ የገዛሁት፣
ሳይቆላ፣ ሳይፈጭ ሌሊት የዘፈዘፍኩት፣
እንደ እንቁላል ውኃ ከማንኪያ የሚሳብ፣
ጓደኛዬ የሳቀበት፣ «ይሄም ጥናት ተብሎ ሊታሰብ!»

ማታ ከማራኪ በባጃጅ ስመለስ
ቸኩዬ ነበር፣ ያችን ሦስት ለአባባ እስካደርስ።
አባባ ግን በሩ ጋ ግንቡን ተደግፏል፤
«ምንም» ይላል፣ «ደክሞኝ»። ፊቱ ኖራ መስሏል።
ባልዲው ውስጥ አየሁት፣
እንደ ጠላ አተላ፣ እንደ ጥቀርሻ የጠቆረውን።
መጽሐፉ ላይ ገጹን አስታውሳለሁ።
ደም ነው።

የጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ሲፈታ ክኒን ወጣ፣
ዳይክሎፌናክ፣ ከአዘዞ ያለ ሐኪም ወረቀት የመጣ።
አርባ ዓመት ተንበርክኮ ድንጋይ የጠረበ፣
ጉልበቱ ሲጮህበት ክኒን እየቀለበ።
ጾም ነው፣ ሁዳዴ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት
ጠብታ አይቀምስም፤ ክኒኗን ግን በደረቁ ይውጣት፣
«መድኃኒት እህል አይደል» እያለ፣
ባዶ ሆዱ ላይ ፍም እየጣለ።

ሆስፒታል አደርን።
ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል እንቅልፍ አልወሰደው፤
«ማታ ልትነግሪኝ የነበረው ምንድነው?»
ነገርኩት፤ ተልባውን፣ ሦስቱን፣ አሥራ ዘጠኙን፣
የጨጓራን ግድግዳ፣ ከአሲድ የሚጋርደውን።

ዝም ብሎ ሰማኝና፦
«ልስን ነዋ!» አለ፣ «ልስን ነው የምትይኝ።
ክኒኑ ጉልበቴን ዝም ሲያሰኝልኝ
ለሳኙንም አብሮ አሰናብቶብኝ።
ግንብ ልስኑ ከለቀቀ
እንኳን ዝናብ፣ ጤዛም በቂው ነው።»

ሰባት ዓመት ተማርኩ፤
እንዲህ አድርጌ ተናግሬው አላውቅም።

ቀጥሎ ጠየቀኝ፦ «ሰባቷስ? ደኅና ናት?»
ቁስል ለመቁጠር አስቀድሞ መግደል እንዳለ
እንዴት ብዬ ልንገረው፣ አዛናው፣
በጥርብ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የወፍ ጎጆ ሲያገኝ
ያን ቀን ሥራ ትቶ የሚሄደው።

«ደኅና ናት» አልኩት።

«እንግዲያማ ለእኔም ነገ አምጪልኝ።»
«አንተ አይጥ አይደለህም» አልኩት፣ «ሐኪሙ ያዘዘልህን ዋጥ፤
ሦስትና አሥራ ዘጠኝ ገና ወሬ ነው፣
ማስረጃ አይባልም»፤
እንደ ዶክተር ፀዳሉ ድምፄን አደረቅሁት።

ጎሕ ሲቀድ ቤት ሄጄ የድስቱን ክዳን አነሳሁ።
ለነገዎቹ አይጦች የዘፈዘፍኩት ወፍሯል፤
ጣቴን ነከርኩበት፤
ሳይንጠባጠብ ቀረ።

በደብተሬ መጨረሻ፣ ከቁጥር ሃያ አራት በታች፣
አንድ መስመር ባዶ ተውኩ።
ስም አልጻፍኩበትም።