«ሙሉ ነው»

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፣ ከጠዋት ጀምሮ
ሰማያዊዋ ባጃጄ ሆዷ ዋለ ተወጥሮ፤
አንዴ በግ፣ አንዴ የቢራ ሣጥን፣ አንዴ የሰው ጓዝ፣
ከአሮጌ ገበያ አቶቴ፣ ከአቶቴ ፒያሳ ስጓዝ።

የላስቲክ ጥድ ጭኜ፣ ጫፉ በበሩ ወጥቶ
ትራፊክ አስቆመኝ፤ ለቀቀኝ፣ ዛፉን አይቶ፣
«እንኳን አደረሰህ» ብሎ፣ መዳፉን ዘርግቶ።

በጉ ከኋላዬ ማጅራቴን እያሸተተ፣
ባለቤቱ በስልክ ስለ ዋጋው እየተሟገተ፣
እኔም በሆዴ ስደምር፦ ይሄ ለኪራይ፣ ያ ለዘይት፣
ይሄ ለልጄ ጫማ፣ የተረፈው ለዱቄት።

ሐይቁ ዳር፣ ከሆቴሉ ደጅ፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤
የጥጥ ጢም ያጠለቀ ወጣት እያላበው ከረሜላ ያድላል፤
አባ ኮዳ ከጣሪያው ላይ አንገቱን ሰብሮ ያየዋል፣
«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» የሚል ይመስላል።

አርባ ሦስት ቀን ጾሜ፣ መጾሜን ሆዴ ያስታውሰኛል፤
ማንን እንደምጠብቅ ግን ማን ይጠይቀኛል?

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ሐይቁ ጨለማ ለብሶ፣
ከታቦር ተራራ ግርጌ ብርዱ በቀስታ ፈስሶ፣
ማኅሌቱ ከገብርኤል በድምፅ ማጉያ ሲሰማ፣
ስድስት ዶሮ፣ ሁለት ጆንያ ከሰል ጭኜ በጨለማ
ወደ ዳቶ ስከንፍ፣

አንድ ሰው መንገድ መሃል ገብቶ እጁን አነሳ፤
ከኋላው ሴት፣ ግንቡን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ።
«ወንድም፣ ሪፈራል አድርሰን፣ ምጥ ይዟታል» አለኝ፤
አነጋገሩ የሩቅ ነው፤ ከለኩ ወዲያ መሰለኝ።

አየሁ ዶሮዎቹን። አየሁ ከሰሉን። አየሁ ሰዓቴን።
«ሙሉ ነው» አልኩት። ነዳሁ። አሳየሁት የኋላ መብራቴን።

ሁለት ቃል ናት። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስላት የዋልኳት፤
ከመደጋገሟ ብዛት ምላሴ ላይ ለስልሳ አገኘኋት።

አደባባዩን ስዞር ያው ቃል አብሮኝ ዞረ፤
አውቀዋለሁ ይሄን ቃል፤ ከኔ በፊት በቤተልሔም ነበረ።
ያ የማደሪያው ባለቤት፣ በሩን የዘጋው ሰውዬ፣
ጨካኝ ይመስለኝ ነበር፣ ቀንድ ያለው። አይደለም ለካ፣ ጌታዬ፤
ሥራ የበዛበት ሰው ነው። በዓል የደረሰበት። ዶሮ የጫነ።
ምናልባትም ለልጁ ጫማ፣ ለኪራይ ሲደምር የባዘነ።

ጆንያውን አስፋልት ዳር ጣልኩ፣ ዶሮዎቹን ለአንድ ጥበቃ ሰጥቼ፣
ተመለስኩ፤ ቀይ መብራት ጥሼ፣ የጀመርኩትን ጸሎት ረስቼ።

ግንቡ አለ። ሰዎቹ የሉም።
የሱቋ ልጅ «አላየሁም»፣
ለውዝ ሻጩ «በሌላ ባጃጅ»፣ አንዷ «በእግራቸው ነው፣ ብዙም አልራቁም»።
ሪፈራል በር ላይ ዘበኛው «ስማቸው?» አለኝ። ስማቸውን አላውቅም።

እስከ ንጋት እዚያው ቆምኩ። ማኅሌቱ በነፋስ ይመጣል፣ ይሄዳል፤
ውስጥ አንድ ሕፃን አለቀሰ። የነሱ ይሁን የሌላ፣ ማን ያውቃል?
ብቻ ኮፍያዬን አወለቅሁ፣ ሳላስበው፣ ደጁ ላይ፤
የመጀመሪያ ገናዬ እሱ ነው፣ ከሠላሳ አራቱ ሲታይ።

የዶሮዎቹ ባለቤት ሰደበችኝ፤ እውነቷን ነበረች፤
ሁለቱ ጠፍተው ነበር፣ ዋጋቸውን ከኪሴ ቆጥራ ወሰደች፤
ልጄ በዓሉን በአሮጌ ጫማዋ ዋለች።

ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ሲመጣ
እሠራለሁ፤ ኪራይ አይጾምም፤ ዘይትም ከዓምናው በልጦ ወጣ።
በግ እጭናለሁ፣ ሣጥን እጭናለሁ፣ እከራከራለሁ በሳንቲም፤
ማታ ግን፣ ከኋላ፣ አንዷ ቦታ ላይ ማንም አይቀመጥም።

መንገደኛ ይቆጣል፦ «ባዶ አይደል እንዴ? ለማን ነው ይሄ ቦታ?»
«ተይዟል» እላለሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም፤
ስሙን አልጠየቅኩትማ ያን ማታ።